የዓይናለም ጓዳ

ጥር 28 ቀን 1921 ዓ.ም.

ዛሬ በትምህርት ቤት የቃል ጽሕፈት ነበረን። ሁለት ስሕተት ብቻ። ከክፍሉ አንደኛ። ፈረንሳዊው መምህራችን ሙሴው ደብተሬን ለሁሉም አሳዩና በግንቦት ፈተና የምስክር ወረቀቱን፣ ሰርተፊካውን፣ ካላመጣህ ማስተማር እተዋለሁ አሉ። አይተዉም። አመጣዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ነበር፤ አሸዋው ጥርስ ውስጥ ይንቀጫቀጫል። ቤት ስገባ እማዬ የጓዳው በር ላይ ቆማለች። አልገባች፣ አልወጣች። የእህቴ የዓይናለም አርባ ባለፈው እሑድ ወጣ። ቄሱም፣ ከድሬዳዋ የመጡት ዘመዶችም በማግስቱ በባቡር ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን እንዲህ ነው... ሰው በር ላይ ቆሞ ይቀራል።

እራት ላይ ነገሩ ወጣ። እማዬ አባባን ለባቡሩ አለቃ ይንገሩልኝ፣ ወደ ድሬዳዋ ያዛውሩን አለች። እህቷ አሰገደች እዚያ አለች፣ አየሩም ይሻላል። ይህ የፈረንሳይ ወደብ ልጄን በወባ በላብኝ፣ ሌላ የሙቀት ወራት እዚህ አልቀመጥም አለች። አባባ ይሁን አሉ። ፈተናዬስ? አልኩ። የሰማኝ የለም።

ቀጥላ ያለችው ግን ጠቀመኝ።

«ልጄ ያሰናዳችው ስንቅ አይሸጥም፣ አይጣልም፣ በባቡርም አይንገላታም። እዚሁ በቤቷ ይበላ። ያለቀ ቀን እንነሳለን።»

ተነስቼ ጓዳውን አየሁ። ዓይናለም በሕይወቷ ሳለች «ዮሴፍ» እያልን እንቀልድባት ነበር። የሰባቱን ዓመት ረሃብ በሕልሟ ያየች ይመስል ታከማች ነበርና። ሽሮው በላምባ ቆርቆሮ፣ እስከ አፉ። በርበሬ። ምስር ክክ። ድርቆሽ በከረጢት። ቋንጣ፣ ቅቤ፣ ማር፣ በሶ... ይሄ እስከ ሐምሌ ያደርሳል። ፈተናው በግንቦት ነው። አሸነፍኩ ማለት ነው።

የካቲት 2

አላሸነፍኩም። ቁርስ ቋንጣ ፍርፍር። ምሳ ቋንጣ ፍርፍር። እራት ድርቆሽ በቅቤ፣ ማር ላዩ ላይ ፈሶበት። ሦስት ሰዎች የሠርግ ድግስ እየበላን ነው። ጠገብኩ ብል እማዬ «ብላ፣ የእህትህ እጅ ነው» ትላለች። ይህን ሰምቶ የማይበላ ማን ነው? አባባ አቀርቅረው ይጎርሳሉ። እኔም በላሁ። ሆዴ ተነፍቶ ሒሳብ መሥራት አቃተኝ።

የካቲት 4

ዛሬ ረመዳን ገባ። ጎረቤታችን ዙለይካ ድሬዳዋ ነው ያደገችው፤ አማርኛዋ ከኔ ይሻላል። ባሏ ዓብዱሰመድ ፍየል ይነግዳል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እማዬ በሶ በማር በጥብጣ፣ ቅቤ በሳህን አድርጋ፣ «ጾመኞች ናቸው፣ አድርስላቸው» አለችኝ። የዓይናለምን ማር በገዛ እጄ ተሸክሜ ከቤት አወጣሁ። ተናድጄ ነበር። እንዲህ ከሆነ ሰፈራችንን ካርቲየ 3ን በሙሉ መመገባችን ነው። የጓዳው ዕድሜ አንድ ወር አይሞላም።

ለመሆኑ ማታለል ማለት ይሄ አይደለም? ይበላ ነው እንጂ ይታደል አላለችም።

የካቲት 5

ሳህኑ ተመለሰ። ተምር ሞልቶበት።

የካቲት 9

ገባኝ! ለምን ቶሎ አልገባኝም? በዚህ ሰፈር የሰው ሳህን ባዶ አይመለስም። ነውር ነው። እማዬ የሰጠችው በሶ ተምር ሆኖ መጣ፤ ቅቤው ሩዝ ሆኖ መጣ። ወዲያ ማዶ ለሚኖሩት የመናውያን ምስር ልካ የደረቀ ዓሣ መጣላት። ትናንት ሆን ብላ ምንም ለሌላት ለአሮጊቷ ለሱሪያ ላከች። ሱሪያ የምትመልሰው አጥታ ሳህኑን በጨው ሞላችው። ከአሳል ሐይቅ የሚመጣ ጨው፣ ነጭ፣ እንደ ስኳር የሚያብረቀርቅ። እማዬ ጨውን አየችና ቁጭ አለች።

አሁን ሳህን ለማድረስ የሚቀድመኝ የለም። ከትምህርት ቤት እንደመጣሁ «የማን ቤት ልሂድ?» እላለሁ። እማዬ ታዛዥ ልጅ ያገኘች መስሏታል።

የካቲት 12

ከእማዬ ጋር ሙግት ገጠምን። የመጣው የዓይናለም አይደለም፣ አይቆጠርም አለች። በዓይናለም ማር የመጣ ተምር የማን ነው? አልኳት። ላም ብትወልድ ጥጃዋ የላሚቱ ባለቤት ንብረት አይደለችም? አልኳት። አባባ ሳል ያዛቸውና ወጡ። ሳል አልነበረም። ሳቅ ነበር። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያቸው።

እማዬ ግን የዋዛ አይደለችም። ተምሩን አዙራ ለየመናውያኑ ላከችው። ተምሩ ብስኩት ሆኖ... አይ፣ ደክሞኛል፣ እየቀባጠርኩ ነው። ስኳር ሆኖ ተመለሰ።

የካቲት 17

ዛሬ የሆነውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

ለዙለይካ በርበሬ ይዤ ሄድኩ። ልክ ጾም ሲፈቱ ደረስኩ። ሳትበላ አትሄድም ብላ አስቀመጠችኝ። ዓሣ ነበር፣ በድስት የተሠራ። አንድ ጎረስኩና ቆምኩ። የዓይናለም በርበሬ ነው። ኮረሪማው የሚቀድመው፣ ጤና አዳሙ ኋላ የሚመጣው... በሰው ቤት፣ በሰው ድስት ውስጥ ሆና ጠበቀችኝ።

ዙለይካ አየችኝ። «ምነው አምባው፣ በዛብህ እንዴ?»

«አይ። ልክ ነው።»

«ልክ ነው። እህትህ ወንፊት ልትዋስ ስትመጣ እኮ ትንሽ ታካፍለኝ ነበር፤ ይሄ ከእሷ የቀረኝ ነው። ማንም እንደሷ አይመጥንም» አለች። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር ታወራ ጀመር፣ ስለ ፍየል ዋጋ፣ ስለ ዓብዱሰመድ ጉልበት ሕመም። አውቃ ነው። እንድበላ ነው።

ቤት ስመለስ አሰብኩ። እስከ ዛሬ ጓዳውን እለካ ነበር እንጂ አልቀመስኩም። ስንት ነገር ሳይሰማኝ ዋጥኩ?

መጋቢት 1

ቅበላ። ነገ ዐቢይ ጾም ይገባል። የቀረው ቋንጣ ለእስላም ጎረቤት አይላክም፤ ሦስታችን ተቀመጥንና በላነው። ዛሬ ቀስ ብዬ። ቅቤው አለቀ። እማዬ የማሰሮውን ግድግዳ በጣቷ ጠርጋ እንደ ሕፃን አላሰችኝ። አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ላስኩ።

የዓይናለም የሆነ የቀረው ሽሮ፣ ምስር፣ ድርቆሽ፣ ትንሽ በርበሬ።

መጋቢት 4

ዒድ። እንዲህ ያለ ቀን!

ጠዋት ከሁሉም አቅጣጫ ሳህን መጣ። የዙለይካ ሐልዋ ከላዩ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ «በሰሊጥ ዘይት ነው፣ ቅቤ የለበትም፣ ጾማችሁ ስለገባ» የሚል መልእክት ታክሎበት። እማዬ ጨርቁን አጥፋ አስቀመጠችው። ከዚያ ዓብዱሰመድ ራሱ መጣ፤ አዲስ ሽርጥ ታጥቋል፣ በገመድ ፍየል ይስባል። ጥቁር፣ ነጭ ግንባር ያላት።

«እኛ ያረድነውን እናንተ አትበሉም። ስለዚህ ከነነፍሷ ይኸው። ለፋሲካችሁ» አለ።

እማዬ እኛ እኮ ልንሄድ ነው ልትል አፏን ከፈተች። አባባ ቀደሟት፤ «እግዜር ይስጥልን» ብለው ገመዱን ተቀበሉ። ምን ይደረጋል? ስጦታ አይሸጥም። በጾም አይታረድም። ጓዳ ውስጥም አትገባም። ፋሲካ ደግሞ ሚያዝያ መጨረሻ ነው።

ፍየሏ እንደገባች የተረፈውን ድርቆሽ በላች። ከነከረጢቱ። እማዬ በመጥረጊያ አባረረቻት። እኔ ሳቄን በትራስ አፈንኩ።

መጋቢት 22

የአባባ የዝውውር ወረቀት መጣ። ከግንቦት 1 ጀምሮ ድሬዳዋ።

አባባ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ። እማዬ ፋሲካን ውለን በማግስቱ እንነሳለን አለች። ፈተናው ከዚያ በኋላ ነው አልኳት። ዙለይካ ቤት ልቆይ፣ ተፈትኜ እመጣለሁ። አስቤበት ነበር፣ ረጋ ብዬ ነው የነገርኳት።

«አንድ ልጅ እዚህ ቀብሬ ሌላውን እዚህ ትቼ? አላደርገውም።»

«እሷንስ? እሷን ትተሻት አይደል የምትሄጂው?»

ከአፌ ወጣ። መመለስ አይቻልም። እማዬ ነጠላዋን ለበሰችና ወጣች። የት እንደሄደች አውቃለሁ። ስትመለስ ጫማዋ አሸዋ ሞልቶበታል፤ የመቃብሩ አሸዋ ነው። አላናገረችኝም። ግን እራቴን ራሷ አቀረበችልኝ።

መጋቢት 23

ይቅርታ ጠየቅኳት። «የሳህኑንም ነገር ታዝቤሃለሁ» አለችኝ። «ባዶ ሳህን የማይመልስ ሰፈር መሆኑን አጥቼው መሰለህ? ባዶ ቤት ትቼ ልሄድ ነበር የፈለግኩት። እንቢ አሉኝ፤ በየቀኑ ሞሉብኝ።»

ተቆጥታ ይሁን አይሁን አልገባኝም።

ሚያዝያ 6

አለቀ።

የመጨረሻው ሽሮ። በርበሬውም አብሮ። እማዬ ቆርቆሮውን ገልብጣ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው፤ ምንም። ሠራችው። ሦስታችን ቁጭ አልን። አባባ በሞሰቡ ላይ «ቀስ ብለን» አሉ። ጥግ ላይ የቀረችውን ጉርሻ ማንም አልነካትም። በመጨረሻ እማዬ ሦስት ቦታ ቆርሳ አካፈለችን።

ቃሏን ጠበቅኩ። «ነገ ዕቃ እንሰር» እስክትል። ሙግትም አልነበረኝም፤ ቃል ቃል ነው፣ አልቋል። ፈርቼ ነበር? ትንሽ። ድሬዳዋም ትምህርት ቤት አለ ብዬ ለራሴ ነግሬያለሁ። የትም ቢሆን አልፋለሁ።

እጇን ታጠበች። ቆርቆሮውን አጠበች። በፀሐዩ ደፋችው። ተመልሳ መጣችና፣

«ፈተናህ መቼ ነው?»

«ግንቦት 20።»

ከጥር ጀምሮ ስጮህ ነበር። ስትጠይቀኝ ግን የመጀመሪያዋ ነው።

ሚያዝያ 8

አባባ የዝውውሩን ወረቀት ለአለቃው መልሰው ሰጡ። «ምን አሉዎት?» ብላቸው «በፈረንሳይኛ ስለሆነ ተናግረው እስኪጨርሱ ጠበቅኳቸው» አሉ።

ሚያዝያ 27

ፋሲካ። ፍየሏን አባባ ባረኩ። እማዬ ከሥጋው በፊት ለዙለይካ ዳቦ ላከች። ቀብር ቦታ ሄደን መጣን። ሦስታችንም ሄድን።

ግንቦት 12

ከትምህርት ቤት ስመለስ ጣሪያው ቀይ ነው! እማዬ ከገበያ ዛላ በርበሬ ገዝታ አስጥታለች፣ በባቡር የወረደ። ትንሽ አይደለም። የዓመት ነው። ለዓመት የሚበቃ ዛላ የሚገዛ ሰው ባቡር አይሳፈርም። ምንም አልጠየቅኳትም። መሰላል ላይ ወጥቼ አገላበጥኩ።

ግንቦት 19

ነገ ፈተና ነው፤ ማጥናት ነበረብኝ። አላጠናሁም። ጧት እማዬ ሙቀጫውን አውጥታ ቅመሙን ደርድራ ተቀምጣለች፣ ትካዜ ይዟታል። ደረቷ አቧራውን ስለማይችል ስንት ዓመት የሠራችው ዓይናለም ናት፤ እማዬ ምጥኑን ረስታዋለች። «ኮረሪማው ስንት ነበር?» አለችኝ፣ ለራሷ እንደምትናገር።

እኔ አውቀዋለሁ። ዘነዘናውን የሚያነሳው ማን ነበር? ዓይናለም ተቀምጣ ታዝዛለች፣ እኔ እወቅጣለሁ፣ «ጠንከር በል አንተ ፈረንሳይ» ትለኛለች። ኮረሪማውን ጨመርኩ። እማዬ በዛ አለች። አልበዛም አልኳት። ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ በሶብላውን... ጤና አዳሙን በመጨረሻ። እማዬ በር ላይ ሆና በነጠላዋ አፍንጫዋን ይዛ ታየኛለች። ዙለይካ በማስነጠስ ላይ ማስነጠስ እየጨመረች በግንቡ ላይ ብቅ አለች፤ «የፈረንሳዩ ትምህርት ይሄ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች።

እማዬ ቀመሰች። እንደሷ አይደለም አለች። አይደለም፤ እኔም አውቃለሁ። ሌላ ጨምር አላለችም ግን። ወደ ቆርቆሮው ገለበጥነው።

ጣቶቼ እሳት ሆነዋል። ሎሚም ዘይትም አልረዳም። ብዕሩን በጨርቅ ይዤ ነው የምጽፈው።

ግንቦት 20

ተፈተንኩ። ሒሳቡ ቀላል። ታሪኩ ቀላል። ድርሰቱ ላይ ልጀምር ስል ዓይኔን ነካሁ።

ሙሴው መጥተው ከጎኔ ቆሙ። ፈተናው ከብዶህ ነው የምታለቅሰው? አሉኝ፤ ድምፃቸው እንዲህ ሲለሰልስ ሰምቼ አላውቅም። «አይደለም ሙሴ፣ በርበሬ ነው» አልኳቸው። ውሃ አስመጡልኝ። ታጠብኩ። ማቃጠሉ ተወኝ፣ ዕንባው ግን አልተወኝም። ይውረድ ብዬ ተውኩት። ወረቀቱን ከዕንባው ፈንጠር አድርጌ ጻፍኩ።

ከሁሉም ቀድሜ ጨረስኩ።