አይወድቅም ያሉት ልጅዎ

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ ለአባቴ፤

አባባ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ደረጃ ስወጣ ይቆረጥመኛል ያሉኝ ቀኙ ነበር ግራው? ሐኪሙ ያዘዘልዎትን ቅባት ጉልበትዎን ይቀቡታል ወይስ እንደ አምናው የመጋዝዎን እጀታ ያወዙበታል? እማዬስ እንዴት ናት? ዓይኗን የሚያስለቅሳት ነገር ተዋት? አክስቴስ አሁንም በቧንቧው ውሃ ከጎረቤት ጋር እንደተኳረፈች ናት? ማሙሽስ አደገ? ቤቱ፣ ጓሮው፣ እንጨት የሚልጉበት ጠረጴዛ፣ ሁሉም በየቦታው ደህና ነው?

ደብዳቤ ሲጻፍ «እኛ ሁላችን ደህና ነን» ይባላል። እኔ ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። «እኛ» የሚለውን ግን እጄ አልጽፍ አለኝ፤ ይህን ሁሉ የምጽፍልዎም ስለዚሁ ነው። ስልክ መደወል ጠፍቶኝ አይደለም። እርስዎን የማገኝዎ በባለሱቁ ስልክ ነው፤ ባለሱቁ ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ወሬውን ለሰፈር ሁሉ ያድላል። ባለፈው እሑድ ወንድሜ ማሸነፉን ስነግርዎ ከኋላዎ የተነሣው እልልታ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። በዚያ እልልታ መሀል ይህን ማውራት አልቻልኩም። ስለዚህ ለብቻዎ ቁጭ ብለው ያንብቡት። ለእማዬ ምን ያህሉን እንደሚነግሯት እርስዎ ያውቃሉ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመነሻው ልንገርዎ። ወንድሜን ልጅ ሆኖ እንዝርት እንለው እንደነበር ያስታውሳሉ። አጥፍቶ ሊገርፉት ሲነሡ ጠረጴዛውን ዞሮ፣ ወንበሩን ዘሎ፣ በክንድዎ ሥር ሾልኮ ይወጣና እርስዎ ራስዎ በሳቅ ይወድቁ ነበር። እዚህ መጥቶ ከኔ ጋር መኖር ሲጀምር፣ እኔ ልብስ ከምተኩስበት ላውንደሪ ቀጥሎ ያለው የቦክስ ቤት ገባ። የቦክስ ቤቱ ፎጣ የሚታጠበው እኛ ዘንድ ስለሆነ ተኩሼ ሳደርስ ሁልጊዜ አየው ነበር። አባባ፣ ያ እንዝርት አልተለወጠም። ቡጢው ሲደርስ እሱ ቦታው ላይ የለም። ሌሎቹ አፍንጫቸውን ይዘው ሲወጡ እሱ ፊቱን ገና ታጥቦ የመጣ ይመስላል። ስለ ቦክስ የማውቀው ነገር ባይኖርም ካውያዬን እሳት ላይ ረስቼ ቆሜ አየው ነበር።

አሰልጣኙ ግን ይህን አይወድለትም። ሆዱ ቀበቶውን ያሸነፈ፣ ፊሽካው ካንገቱ የማይወርድ ሰው ነው። «ይሄ ቦክስ ነው ወይስ ጭፈራ?» ይለዋል። «ወንድ ልጅ ቆሞ ይመታል፣ ቆሞም ይመታል» ይላል፤ አንዱን አላልቶ፣ አንዱን አጥብቆ። ጓደኞቹም «ፈሪ ለእናቱ» እያሉ ይስቁበታል። እኔ በልቤ፣ ለእናቱ ቢሆን ምን አለበት፣ ለማን ይሁን እላለሁ።

አንድ ቀን መልማዩ መጣ። መልማይ ማለት ከትልልቆቹ ክለቦች ተልኮ ጎበዝ ልጅ የሚመርጥ ሰው ነው። ሲያያቸው በሬ የሚገዛ ይመስላል፤ ትከሻ ይጨብጣል፣ አንገት ይለካል፣ የእጅ አንጓ ያገላብጣል። ወንድሜ በዚያን ቀን ትኩሳት ይዞት ነበር። ጠዋት ብርድ ልብሱ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ትቼው ስወጣ አትሂድ ብዬው ነበር፤ ተራዬ ያልፈኛል ብሎ ሄደ። ፎጣ ተሸክሜ ስገባ ከአንድ ግዙፍ ሰው ጋር አግጥመውታል። እግሩ የራሱ አልነበረም። ወደ ጥጉ አፈገፈገና ክንዱን በገመዱ ላይ ቆልፎ ቆመ። ሰውየው ፍራሽ እንደሚያራግፍ ሰው ወቀጠው። አልወደቀም። ያልወደቀውም ገመዱ ይዞት ነው፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ደወሉ ሲደወል ክንዱን ከገመዱ ሲያላቅቅ እዚያው እንደ ጆንያ ቁጭ አለ። መልማዩ ግን ያኔ ፊቱን ወደ አሰልጣኙ አዙሮ ነበር። «አይወድቅም! ይሄ ልጅ አይወድቅም! ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ ስፈልግ ነው የኖርኩት» ይላል።

ፎጣውን ጥዬ ሄድኩና፣ ጌታው፣ ልጁ ታሟል፣ ግንባሩን ይዳስሱት አልኩት። ከት ብሎ ሳቀ። «ታሞ እንዲህ ከሆነ ሲድን ምን ሊሆን ነው!» አለ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ወንድሜም ባበጠ ከንፈሩ አብሮ ሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ ግንቡ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ እግሩን የሚፈልገው ሰው ጠፋ። ወለሉ ላይ በጠመኔ ክብ ያሰምሩና እሱን መሀል አቁመው ሌሎቹ በየተራ ይገቡበታል። ከመስመሩ ከወጣ ፊሽካ ይነፋል። ዝቅ ብሎ ካሳለፈም ፊሽካ ይነፋል። አሰልጣኙ ክፉ ሰው እንዳይመስልዎ። ወተት ይገዛለታል፣ ልጄ ይለዋል፣ ሲታመም ይጠይቀዋል። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ተሳድቤ፣ ተጣልቼ ይወጣልኝ ነበር። እሱ ግን ወርቅ አገኘሁ ብሎ ከልቡ ያምናል፤ ያመነን ሰው በምን ያቆሙታል?

የቦክስ ቤቱ በር ላይ ትኬት የሚቆርጥ ሰው አለ፤ አለት ይሉታል። በዘመኑ ስመ ጥር ቦክሰኛ ነበር። እሱንም ያገኘው ይኸው መልማይ ነው፤ አሰልጣኙ ራሱ ሲያሞግሰው «አለትን ያገኘ ዓይን ነው ግንቡንም ያገኘው» ብሎኛል። አለት ጸጉሩ እንኳ ገና አልሸበተም። ፎጣ ይዤ ስመጣ በትሕትና ከወንበሩ ይነሣና «የማን እህት ነሽ?» ይለኛል። እነግረዋለሁ። «በርታ በይው» ብሎ መርቆ ያስገባኛል። ፎጣውን አስረክቤ ስወጣ ደግሞ ይነሣና «የማን እህት ነሽ?» ይለኛል። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ እስቅ ነበር። አሁን አልስቅም፤ በጓሮ በር መውጣት ጀምሬአለሁ።

ምክንያቱም አባባ፣ እቤቴም ነገር ጀመረ። ወንድሜ ሻይ ሲቀዳ ስኳር ጨምሮ ያማስልና እንደገና ይጨምራል። ምነው፣ ምላስህ ሕፃን ሆነ እንዴ ብዬ አሾፍኩበት። የሸሚዙን ቁልፍ አዛንፎ ይቆልፍና ለምን እንደማይገጥም ግራ ገብቶት ይቆማል። ብርሃን ይወጋኛል እያለ በጠራራ ፀሐይ መስኮት ይዘጋል። አንድ ጠዋት ዳቦ ግዛ ብዬ ላክሁት፤ ቆየ። ብወጣ መንታ መንገዱ ላይ ሳንቲሙን ጨብጦ ቆሟል፣ ግራ ያያል፣ ቀኝ ያያል። ዳቦ ቤቱ እኮ ፊት ለፊቱ ነው። ምን ትሠራለህ ብዬ ብጠይቀው «ሰው እየጠበቅኩ ነው» አለኝ። ማንን አልኩት። መዳፉን ከፍቶ ሳንቲሙን አየ። እጁን ይዤ ወደ ቤት ስወስደው እንደ ልጅነቱ ተከተለኝ።

ክሊኒክ ወሰድኩት። ሐኪሟ ጣቷን በዓይኑ እንዲከተል አደረገችው፤ በቀጭን መስመር ላይ አራመደችው፤ ወራቱን ከኋላ ወደ ፊት ቁጠር አለችው። ያ በስሌት ሁላችንንም ያስለቅሰን የነበረ ልጅ ሁለተኛው ላይ ቆመ። ለብቻዬ ጠርታ የነገረችኝ፣ ጭንቅላት በመመታት የሚጠነክር ነገር አይደለም፣ አንዱ ምት ለሌላው በር ይከፍታል፣ ለረጅም ጊዜ ማንም እንዳይነካው ነው። ይህንኑ ሄጄ ለአሰልጣኙ ነገርኩት። «ሐኪም የሚያውቀው በሽተኛ ነው፤ ስፖርተኛ የት ያውቃል» አለኝ። መልማዩ ደግሞ ትከሻዬን መታ አድርጎ «እህቴ፣ ይህ ተሰጥኦ ነው፤ ተሰጥኦ አይባክንም» አለኝ። ወንድሜም እነሱን ሰማ።

እሑድ ማሸነፉን ሰምተዋል፤ እንዴት እንዳሸነፈ ግን አልነገርኩዎትም። ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ እንዳስተማሩት ቆሞ ተቀበለ። መጨረሻው ዙር ላይ ግን ምን እንደነካው አላውቅም፣ እግሩ ነቃ። የተጋጣሚው ቡጢ አየር መታ፤ ደገመው፣ አሁንም አየር፤ በራሱ ጉልበት ተንገዳግዶ ገመዱ ላይ ሊደፋ ነበር። እኔ አግዳሚው ላይ ወጥቼ ቆምኩ። እንዝርታችን ነበር አባባ፣ ራሱ! አዳራሹ ግን በፉጨት ተናወጠ። ያ ሁሉ ሕዝብ ደም ሊያይ ከፍሎ ገብቷል። አሰልጣኙ የመድረኩን ወለል በመዳፉ እየደበደበ «ቁም! ግንብ አይሸሽም! ቁም!» ብሎ ጮኸ። ወንድሜ ቆመ። ታላቅ ሲያዝዘው እሺ እንዲል አድርገው ነው ያሳደጉት። እጁን ዝቅ አደረገና ቆመ፤ ተጋጣሚው ክንዱ እስኪዝል ድረስ መታው፣ መታው፣ ከዚያ እሱም መለሰለትና ዳኞቹ ለእኛ ፈረዱ።

በትከሻቸው ተሸክመው ወደ ልብስ መቀየሪያው አስገቡት። የጓንቱን ማሰሪያ ስፈታለት እጁን ነጠቀኝና «ለምን ታወልቂብኛለሽ? ገና አልገባሁም እኮ» አለኝ። መልማዩ አጠገቤ ነበር፣ ሰምቷል። ቀና ብዬ ፊቱን አየሁት። አሁንስ ይደነግጣል፣ አሁንስ ይገባዋል ብዬ ነበር። እሱ ግን እያጨበጨበ ወደ ሰዎቹ ዞረ። «ሰማችሁ? ገና አልጠገበም!» አላቸው።

አባባ፣ ዋናው ጉዳዬ አሁን ነው። በመጪው ሳምንት መልማዩና አሰልጣኙ እርስዎ ዘንድ ይመጣሉ። ወንድሜን ከድንበር ማዶ ካለ ትልቅ ማሠልጠኛ ሊያስገቡት፣ ከሱ ከሚከብዱ ሰዎች ጋር ሊያጋጥሙት ፈልገዋል። አይሄድም ብያቸዋለሁ። አሰልጣኙ «አንቺ እህት ነሽ፤ አባት ከፈቀደ አለቀ» አለኝ። ወንድሜን ጠዋት፣ አእምሮው በሚጠራበት ሰዓት፣ አንተስ ምን ትላለህ ብዬ ጠየቅሁት። «ደክሞኛል» አለኝ። «ግን እምቢ ካልኩ ፈሪ ይሉኛል። አባባ ና ካሉኝ ማንም ምንም አይለኝም» አለ። እንግዲህ ነገሩ በእርስዎ አፍ ላይ ነው።

ሲመጡ ባዶ እጃቸውን አይመጡም፤ አነጋገራቸውም ማር ነው። ፎቶውን ያሳዩዎታል፣ ሰፈሩ ይሰበሰባል፣ ባለሱቁ ይፎክራል። እርስዎ ደግሞ እንግዳ ፊት እምቢ ማለት የሚያፍሩ ሰው ነዎት። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል እንዳይሆንብን እፈራለሁ። ልጅዎ ተሰጥኦ አለው ይሉዎታል። አለው፤ ግን እነሱ ያዩት ያንን አይደለም። ያንንማ እያፏጩ ከእግሩ አስወጡት። እነሱ ተሰጥኦ የሚሉት አንድ ቀን ትኩሳት ይዞት ገመድ የደገፈውን ነው።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ እንደደረሰዎት ወደ ባለሱቁ ይሂዱና ይደውሉ። ድምፁን ከፍ ያድርገው፣ ሰፈሩም ይስማ፤ «ልጄን ና ብዬዋለሁ» ይበሉ፤ ሌላ አይጨምሩ። ደብዳቤውን ያመጣልዎት የጭነት መኪና ሹፌር ዕቃውን አራግፎ ሲመለስ በእኛ በኩል ስለሚያልፍ፣ ቀጥሎ ወደ እናንተ ሲጭን የሁለት ሰው ቦታ እንዲይዝልኝ ለምኜዋለሁ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን።

ሌላም አለ። መልማዩ ታናሽ ወንድም እንዳለን ሰምቷል፤ «አጥንታቸው አንድ ነው፣ ያንንም አየዋለሁ» ብሏል። ሰውየው ልጅ ሲያይ ግንባሩን በጣቱ አንጓ ማንኳኳት ልማዱ ነው። በሚመጡበት ቀን ማሙሽ እቤት አይዋል።

እማዬን እጇን ስሜያለሁ ይበሉልኝ፤ በዓይኗ ጭስ አይግባባት። አክስቴም የቧንቧውን ነገር ለጊዜው ትታ ማሙሽን እሷ ዘንድ ታውልልኝ። ማሙሽን ጉንጩን ይሳሙልኝ፤ ሩጫውን አያቁም። ባለሱቁንም ሰላም ይበሉልኝ፤ ዘንድሮ ጩኸቱ ያስፈልገናል። ወንድሜ እዚሁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የታጠበ ፎጣ እያጣጠፈልኝ ነው። «ለማን ነው የምትጽፊው?» አለኝ። ለአባባ አልኩት። ደስ አለው። «ሰላም በይልኝ፣ ጉልበታቸውንም ጠይቂልኝ» አለ። ይኸው ብያለሁ። ፎጣውን ቀስ ብሎ አጠፈና ከሌላው ላይ ደረበው፤ ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ለማን ነው የምትጽፊው?» አለኝ።

ልጅዎ

ከላውንደሪው ጓሮ፣ ከክፍላችን
ኅዳር 12 ቀን