የእህቴ ፊት

ሰቆጣ፣ ኅዳር 9 ቀን

በመናፈሻው የቆመችው ባለ እንስራዋ ሐውልት በጦርነቱ ጭንቅላቷ ተሰብሮ ነበር፤ ዛሬ ግንበኛው አዲስ ሠራላት። ድሮ አባቱ የቀረጻት ታናሽ እህቴን አይቶ ነው። እህቴ በድርቁ ሞተች፤ ፎቶግራፍ የላትም። ስለዚህ እኔን ጠሩኝ።

«እትዬ፣ አፍንጫዋ ይህን ያህል ይበቃታል? ጠማማ ነገር እንደማይወዱ አገር ያውቃል» አለኝ እየሳቀ።

ዓይኔን ጨፈንሁ። የመጣልኝ የድሮው ሐውልት ፊት ብቻ ነው፤ የእህቴ አልመጣም። ይህን ሁሉ ዓመት ሐውልቷን ሳይ እሷን የማይ እየመሰለኝ ኖሬአለሁ።

«ይፍጠኑ እንጂ፣ ሲሚንቶው ሊደርቅብኝ ነው!»

ሳስተምር፣ በግምት የመለሰ ተማሪ ቆሞ ይውል ነበር። ዛሬ «አዎ፣ እሷ ናት» አልሁት።

አሁን ደርቋል።