ስለ ማሽኑ ልብስና ስለ አያቴ ዓይን

ለተከበሩ የዓይን ሕክምና ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ በተለይም የዓይንዎን ጤና አጥብቄ እመኛለሁ፤ ቢያምዎት የሚታከሙት እዚያው እርስዎ ክፍል ነውና።

እኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ተማሪ ስሆን፣ ሰፈሩ «አባ መርፌ» የሚላቸው ልብስ ሰፊ የልጅ ልጅ ነኝ። አያቴ ስኳር ከያዛቸው አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በዓይናቸው ፊት ጥቁር ክር ይንሳፈፋል፤ እሳቸው ግን ዕድሜውን ሙሉ ክር ሲጎትት የኖረ ሰው ክር ቢያይ ምን ይደንቃል እያሉ ያልፉታል። መርፌው ላይ ክር የማስገባላቸው ግን እኔ ነኝ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም እንደሚባል አውቃለሁ፤ ይሁንና አዋቂ ያቦካውን በየስድስት ወሩ እየተመላለስን ስንጠብቅ ስለቆየን፣ ምስጋናዬንና ጥቂት ጥርጣሬዎቼን እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

፩. በኮሪደሩ ስለለጠፉት ባለሥዕል ማስታወቂያ ከልብ አመሰግናለሁ። ስኳር ከዓይን ጀርባ ያለውን ሬቲና ሲጎዳ፣ የሚያፈሱትን የደም ሥሮች የሚገታ ሌዘር፣ እብጠቱን የሚቀንስ ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ፣ ደም ዓይን ውስጥ ከፈሰሰ ደግሞ ቀዶ ጥገና እንዳለ፣ ከሁሉም ጋር ስኳርንና ግፊትን መቆጣጠር እንደሚገባ የተማርኩት ከእሱ ነው። ከግርጌው በቀይ «የጠፋውን ከመመለስ ያለውን ማትረፍ ይቀላልና አይዘግዩ» ይላል። የአያቴ የስድስት ወር ቀጠሮ የተሰጠን እዚያው ማስታወቂያ ሥር ተቀምጠን ነው። ሦስቱ ሕክምናዎች ከወረቀቱ ወርደው ያውቁ እንደሆነ መጠርጠሬ አልቀረም።

፪. ጥርጣሬዬ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ለሌዘር ማሽኑ የአቧራ መከላከያ ልብስ ያሰፋችሁት ከአያቴ ዘንድ ነበር። እሳቸውም ወገቡንና ትከሻውን ለክተው እንደ ዳኛ ካባ አሳምረው ሰፉለት። ከዚያ ወዲህ ልብሱ ተገልጦ አይቼ አላውቅም፤ ቁልፉ ሥልጠና በሄዱ ሰው እጅ ነው ይባላል። እንግዲህ አያቴ የማሽኑን ቁመት በሴንቲሜትር ያውቃሉ፤ ማሽኑ ግን እስካሁን የአያቴን ዓይን አያውቅም።

፫. ባለሦስት ጥርሷ ፊደል ወዴት እንደዞረች በእጅ የሚጠቆምበት የመመርመሪያ ሰሌዳ ተለውጦ አያውቅም፤ በሩም ሁልጊዜ ክፍት ነው። ሦስት ሰዓት ወረፋ የጠበቀ ሰው «ላይ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ» የሚለውን እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ በቃሉ ይወጣዋል። አያቴም ወጥተውታል። ምክንያታቸውን አላጣሁትም፦ ሰሌዳውን ከሳቱ ዓይናቸውን እንዳይወጓቸው ነው፤ አባ መርፌ መርፌ ይፈራሉ። በእናንተ ዘንድ ደግሞ ሰሌዳውን ያለፈ ሰው፣ ብሌን የሚያሰፋው ጠብታ ሳይደረግለት፣ የዓይኑም ጀርባ ሳይታይ «ደህና ነው» ተብሎ ይሸኛል። እሳቸው በፍርሃት፣ እናንተ በችኮላ፣ ሳትነጋገሩ ተስማምታችኋል።

ባለፈው ቀጠሮ ግን ግድግዳው ሊቀባ ሰሌዳው ወርዶ ነበር። አያቴ ባዶ ሚስማር ፊት ቆመው አንዱንም ሳይስቱ ተወጡት። ነርሷም ከካርዱ ላይ ቀና ሳትል «ደህና» ብላ ጻፈች። ሳቄ አመለጠኝ፤ ስንወርድ የመጨረሻው ደረጃ ሲያመልጣቸው ግን ሳቄም አብሮ ወደቀ።

በቤታችን ያለ ሹመት የጤና ሚኒስትር የሆነው አጎቴ ይህን ስነግረው፣ «ዶክተሮቹ ደህና ካሉ ደህና ነው፤ አንቺ ደግሞ ምን አውቀሽ!» ብሎ አራተኛ መነጽር ገዛላቸው። አሁን አያቴ አራት መነጽር አላቸው፤ የጎደላቸው የሚያይ ዓይን ብቻ ነው።

ልመናዬ አንድ ነው። ማክሰኞ ያለ ቀጠሮ ይዣቸው ስመጣ ጠብታው ይደረግላቸው፣ የዓይናቸው ጀርባ ይታይ። መርፌ የሚያስፈልግ ከሆነም አስቀድሞ ዓይን እንደሚደነዝዝ አንድ ሰው አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ያስረዳቸው። እኔማ ላስረዳቸው ብሞክር «አንቺ ሐኪም ነሽ?» ብለውኛል።

ባዶ ግድግዳ እንኳ የሚያስነብብ ክፍል ስለሚመሩልን፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣

የልብስ ሰፊው የልጅ ልጅ፣
የዘወትር ተሰላፊዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ወረቀት ከመላኬ በፊት የምስጋና ደብዳቤ ነው ብዬ ለአያቴ ሰጥቻቸው ነበር። ያልተጻፈበትን ገጽ ወደ ራሳቸው አዙረው በመስኮቱ ብርሃን እስከ ግርጌው ቀስ ብለው ተመለከቱና፣ «ጽሕፈትሽ ያምራል፤ ብቻ ለትልቅ ሰው ነውና አክብረሽ ጻፊ» አሉኝ። እንዳዘዙኝ አክብሬያለሁ።