ጽዋው ከቤቴ እስኪወጣ

ሰኞ፣ ግንቦት 18

አያ ደረሰ ጽዋውን ሊወስዱ መጡ። የጊዮርጊስ ማኅበራችን ሙሴ፣ መሪው፣ እሳቸው ስለሆኑ የተላኩት እሳቸው ናቸው።

«ሐዘንሽ ገና እርጥብ ነው፤ ቅዳሜ ደግሰሽ ዘክሪ አንልሽም። ተራው ለሌላ ይለፍ ብለናል» አሉኝ።

ደግነታቸው ይሆናል። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ባሌ እንዳላማው ባለፈው ወር ይህን ጽዋ ተቀብሎ እየዘመረ ሲገባ፣ «የሚመጣው ሃያ ሦስት በኔ ቤት!» ብሎ በሰው ፊት ቃል ሲሰጥ፣ ሊቆርጠው የሄደው የዲከረንስ ዛፍ ግንድ በራሱ ላይ እንደሚወድቅ ጊዮርጊስ አያውቅም ነበር?

«ውሰዱልኝ» አልሁ። «ለባሌ ያልደረሰለት ለኔ ምን ሊሆነኝ!»

ይህን ጊዜ አማቴ ከመደባቸው ተነሥተው ጽዋው ፊት ቁጭ አሉ። በአዊኛ አንድ ነገር ተናገሩ። አያ ደረሰ ጎንበስ ብለው እጅ ነሥተው ወጡ፣ ጽዋውን ሳይዙ። «እማ፣ ምን አሏቸው?» ብዬ ብጠይቅ «ለዳቦ የሚሆን ስንዴ አለን?» አሉኝ። እኔ የቡሬ ልጅ ነኝ፤ ይህን ያህል ዘመን በትዳር ኖሬ አዊኛዬ ከሰላምታ አላለፈም።

ማክሰኞ፣ 19

ወደ ስፌት ቤቴ ተመለስሁ። ባልመለስ ይሻለኝ ነበር። መብራት የለም። በእግር እየረገጥሁ ልስፋ ብል መርፌው ተሰበረ። አንዷ ደንበኛዬ ወገቧን እየለካኋት «አይዞሽ፣ እግዜር የሚወደውን ነው ቶሎ የሚወስደው» አትለኝም!

«ታዲያ እኔና አንቺን ጠልቶን ነው የተውነን?» አልኋትና ሜትሩን ወረወርሁት። ደነገጠች። ጨርቋን ግን አልወሰደችም፤ ሌላ ሰፊ እንደኔ በቶሎ አያደርስላትም።

ጸሎትም እምቢ ብሎኛል። አባታችን ሆይ ብዬ እጀምራለሁ። ፈቃድህ ይሁን የሚለው ቦታ ስደርስ አፌ ይያዛል። አልልም። ፈቃዱ ያ ግንድ ከሆነ በምን አፌ ይሁን እላለሁ? ከቀብሩ ወዲህ ጸሎቴን ጨርሼ አላውቅም። እዚያው ላይ አቋርጬ፣ ተኳርፌ እነሣለሁ።

ረቡዕ፣ 20

ጓዳ ገብቼ ጋኑን ብከፍተው ጠላ ተጠንስሷል!

«እማ፣ ይህ መቼ ተጠነሰሰ?»

«አንቺ ስታለቅሺ።»

«ለቅዳሜ እኮ አይደርስም!»

«ጉሹን ይጠጣሉ። ጊዮርጊስ ጠላ አማርጦ አያውቅም።»

ሰኞ ለአያ ደረሰ ያሏቸውንም አሁን ነገሩኝ። «የልጄን ቃል እኔ እፈጽማለሁ፤ እኔ ቢያቅተኝ የሺ ትፈጽማለች» ነው ያሏቸው። ማን ጠየቀኝ? ተናድጄ ጮህሁባቸው። እሳቸው አልጮሁም። ጽዋው ሳይዘከርበት ከወጣ የእንዳላማው ቃል መንገድ ላይ ወድቆ ይቀራል፣ ልጄን ቃል አባይ አድርጌ ከማኅበሩ አላሰናብተውም አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ልጅ የቀበሩት እሳቸው መሆናቸውን አንዳንዴ እረሳለሁ። አፈርሁ፤ ግን ይቅርታ አልጠየቅሁም።

ሐሙስ፣ 21

ማርያም። ከቅዳሴ ስንወጣ የነፍስ አባቴ ያዙኝ። ዝናብ ነበር፣ በጃንጥላቸው ሥር አቆሙኝና ስለ ኢዮብ ጀመሩ። ሁሉን አጥቶ እንዴት እጥፍ ሆኖ እንደተመለሰለት።

«የሞቱት ልጆቹስ አባ? እነሱ ተመለሱለት?»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። «ይህን እኔም ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ» ብለው ጃንጥላቸውን ትተውልኝ በዝናቡ ሄዱ። ከሰማኋቸው ማጽናኛዎች ሁሉ ያላናደደኝ ይህ ብቻ ነው። መልስ ግን አይደለም።

ዓርብ፣ 22

ስንዴው ተፈጨ። ኮባ ከጎረቤት መጣ። አግዳሚ ወንበር ከዕድር። ቅቤ አነሰ። የእንጅባራ ብርድ ሊጥ አያስነሣም፣ ሦስት ጊዜ ብርድ ልብስ ደራረብሁበት፣ ያም ሆኖ ዳቦው መሐሉ ቡኮ ሆኖ ወጣ። ጉሹን ብቀምሰው ጌሾው ጉሮሮ ይፍቃል። እማ «መድኃኒት ነው» ይላሉ። የሰው መሳቂያ ልንሆን ነው!

እንዳላማው ቢኖር ይህን ሁሉ ለኔ ጥሎ ወንበር ብቻ ሲደረድር ይውል ነበር፤ እኔም ስነዘንዘው እውል ነበር። የምነዘንዘው ሰው ናፈቀኝ።

ቅዳሜ፣ 23

ሁሉም መጡ። ጭቃቸውን ይዘው፣ ጥቁር ጋቢያቸውን ለብሰው። እንዳላማው እግሩ ረጅም ስለነበር በየሰዉ ቤት በር አጠገብ ነበር የሚቀመጠው። ዛሬም በር አጠገብ ያለው ቦታ ባዶ ሆነ። ማንም አልነካውም። ላለማየት ማንቆርቆሪያ ይዤ ሳልደክም ዞርሁ።

አያ ደረሰ ጠሩኝ። «የሺ፣ ማንቆርቆሪያውን ለሌላ ስጪ። ቦታሽ ያ ነው፤ ያዢ።»

ተቀመጥሁ። ጽዋው ተገለጠ። ቆመን አባታችን ሆይ ማለት ጀመርን። ያ ቦታ ሲደርስ እንደለመደብኝ አፌ ተያዘ። ጸሎቱ ግን አልቆመም። ሰዎቹ ዝምታዬን እንኳ ሳያውቁ በላዬ ላይ ብለውት አለፉ፣ የዕለት እንጀራችንን የሚለው ላይም እኔን አገኙኝ። ከዚያ አብሬ ጨረስሁ። ጨረስሁ!

መሐሉ ቡኮ የሆነውን ዳቦ በሉት። ጉሹን ፊታቸውን እያጨማደዱ ጠጡት። ጽዋውን አንድ የባጃጅ ሾፌር ተቀብሎ ሲወጣ እማ ከበሩ ላይ እልል አሉ። እልልታ፣ ከዚህ ቤት! ጎረቤት ምን ይላል ብዬ አፋቸውን ልይዝ ደርሼ ነበር። እንባቸው እየወረደ ነበር እልል የሚሉት።

እሁድ፣ 24

ቤቱ ባዶ ነው። ጽዋው የነበረበት ቦታ ላይ የነፍስ አባቴ ጃንጥላ ቆሟል፤ መመለስ አለብኝ። ንዴቱ አልለቀቀኝም። ጠዋት ስነሣ አልጋው ያው ባዶ ነው፣ ማንም ምንም ቢለኝ ይህ አይለወጥም።

ብቻዬን ልሞክር ብዬ ወደ ምሥራቅ ዞሬ ቆምሁ። አባታችን ሆይ። ያ ቦታ ደረሰ። ተያዝሁ። ዛሬ ማኅበር የለ፣ ማን ይበልልኝ? ልተወው ብዬ ነጠላዬን ስሰበስብ እማ ከመደባቸው ላይ፣ ዓይናቸውን እንኳ ሳይገልጡ፣ በአዊኛ ያን ዐረፍተ ነገር አሉልኝ። ይጠብቁኛል።

የዕለት እንጀራችንን ከሚለው ቀጠልሁ።