የጠፋችው ቀይ መብራት

ናጋ ነሽ ወይ፣ ሰላም ነሽ ወይ ልጄ ቀድሪያ? ጅዳ ላይ የምትረግጪውን መሬት አላህ ያለምልምልሽ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ዝናቡ ዘግይቶም ቢሆን ነገሌ ደርሷል። የጎረቤታችን የብዙወርቅ ልጅ ለብሔራዊ ውትድርና ሄዷልና ዱዓ አድርጊለት።

የአባትሽ መኪና የዘይት መብራቷ ቀይ እንደሆነች አልጠፋ ብላ ሰነበተች። መካኒኩ ዘይት ቀየረ፣ የመብራቷን ሽቦ ከሞተሩ ላይ ነቅሎ አየ፣ መብራቷ ግን ያው ናት። «ሽቦው ተልጦ ከብረት ጋር ተነካክቶ ነው፤ ከክብረ መንግሥት አዲስ እስኪመጣ ይታገሱኝ» አለው። አባትሽ የት ሊታገስ! አሬሮ ገበያ የሚሄዱት ሴቶች መብራቷን ባዩ ቁጥር «ይቺ መኪና ታማለች» እያሉ ይወርዱበት ነበር። ሽቦውን በቢላዋ ቆረጠው። መብራቷ ጠፋች፤ ሰዉም ተሳፈረ።

ባለፈው ወር ከአሬሮ ብቻውን ሲመለስ ለካ ዘይቱ መንገድ ላይ ፈስሶ አልቋል። የሚነግረው መብራት የለም። ሞተሩ በረሃ መሀል ደርቆ ቀረ። ውሃ ጥም ሊጥለው ሲል ግመል ጠባቂዎች አግኝተው ወተት አጠጡት። አሁን ደህና ነው፤ ግን ተጎትታ መጥታ ደጅ በቆመችው መኪና ውስጥ እየገባ ይቀመጣል።

አንቺም ሁልጊዜ «ደህና ነኝ፣ አታስቡ» ብቻ ነው የምትጽፊው። የመጨረሻው ደብዳቤሽ ሲነበብለት አባትሽ አቀርቅሮ ሰማና፣ «ይቺም ሽቦውን ቆርጣዋለች» አለ።

አላህ ከፊትም ከኋላም ይጠብቅሽ፣ ልጄ። ሲከፋሽ ከፋኝ ብለሽ ጻፊልኝ።

እናትሽ ሸምሳ