የማይቆሙትና የሚጠብቁት

ሐሙስ፣ ግንቦት 7፤ አዳማ

ዛሬ ለወንድሜ ለቶሎሳ አዲስ ጌም ይዤለት ሄድኩ። ስትሮክ ከመታው ወዲህ ቀኝ እጁ እንደ በፊቱ አይታዘዝለትም።

ድሮ የሚወደው ጌም ላይ ትንንሾቹ ፍጡራን መቆም አያውቁም። አንዱን ቆፍር፣ አንዱን ድልድይ ሥራ፣ ሌላውን መንገድ ዝጋ ብሎ ቶሎ ቶሎ የሚያዛቸው ከሌለ ገደል ይገባሉ። የራሱን ጌም ቤት ከመዝጋቱ በፊት በዚህ ጌም የሚያሸንፈው ሰው አልነበረም። ዛሬ ግን ጣቱ ቁልፉ ላይ ሳይደርስ ተከታትለው አለቁ።

አዲሱን ከፈትኩለት። በዚህኛው ፍጡራኑ ባሉበት ይቆማሉ፤ ሲጠሯቸው ብቻ ተከትለው ይመጣሉ። የሚያጣድፍ ነገር ስለሌለው ለእሱ የተሠራ መስሎኝ ነበር። ትንሽ ተጫወተና ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ፍጡራኑም ቆመው ቀና ብለው ያዩት ጀመር።

«ምነው ቶሌ፣ ከበደህ?»

«አይ፣ ይቀላል። ግን ተመልከቺ፣ ሁሉም እኔን ነው የሚጠብቁት።»

«ታዲያ አሪፍ አይደል?»

«ዲሲ» አለኝ በኦሮምኛ። «ተዪው ጫልቱ። ልጆቼም እንደዚህ ነው የሚያዩኝ። የድሮውን መልሺልኝ።»

መለስኩለት። ጆይስቲኩን ግን አላነሳውም። ትንንሾቹ ተሰልፈው ሲሄዱና ሲወድቁ ዝም ብሎ ያያል። ላጥፋው ብዬ እጄን ስዘረጋ «ይሂዱ፣ ተያቸው» አለኝ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ አብሬው አየሁ።

ሚስቱ ከገበያ ስትገባ የጌሙን ድምፅ ሰምታ ፊቷ በራ።

«ውይ፣ ዛሬ እየተጫወተ ነው እንዴ?»

ምን ልበላት? አዎ አልኳት።