ያልሰፋሁት መጋረጃ

ይድረስ ለታቦት ተሸካሚው ታላቅ ወንድሜ። ካለህበት ሁሉ ሰላምታዬ እኔን ቀድሞ ይግባ። እኛ ደህና ነን፤ የእማም ጉልበት ተሽሎታል።

ታቦቱ በጠላት እጅ መውደቁን ከጦር ሜዳ ሸሽቶ የመጣው ጎረቤታችን ነገረን። «ተሸካሚዎቹማ...» ብሎ ሲጀምር፣ «መጀመሪያ እህል ቅመስ» ብዬ ዳቦ አቀረብኩለት።

«ታቦቱን ይዘን ከወጣን ማን ይችለናል?» ብለው እናንተን የላኩት ሽማግሌ ግን ምን ሆኑ መሰለህ? እሳቸውማ ከቤታቸው ንቅንቅ አላሉም። ባለፈው መጥተው፣ «ልጄ፣ ታቦቱን በጥድፊያ ስናወጣ የቀደድነውን መጋረጃ ስፊልን፤ ሕዝቡ ባዶውን ክፍል እያየ ነው» አሉኝ። የመቅደሱ ልብስ ሰፊ እኔ አይደለሁ? «እሺ አባቴ» ብዬ መጋረጃውን አወረድኩና ሣጥኔ ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩበት። አሁን ከጠዋት እስከ ማታ የመቅደሱ በር ላይ ቆመው፣ «ታቦታችን የት አለ?» ለሚላቸው ሁሉ መልስ ይፈልጋሉ። ሲለምኑኝ መርፌ ጠፋብኝ እላቸዋለሁ። ሲያልባቸው ሳይ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል። እማ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ትለኛለች። እንግዲያውስ ጸሎቱ ይቅር!

በዚያችው ጠፋች ባልኳት መርፌ ለትከሻህ አዲስ መደላድል ሰፋሁልህ፤ አሮጌውን የታቦቱ መሸከሚያ መሎጊያ ጨርሶት ነበር።

ጎረቤታችን አሁንም በየቀኑ ይመጣል። አፉን በከፈተ ቁጥር ዳቦ እጨምርለታለሁ። አንተ ግን መልስህን በራስህ እጅ ጻፍልኝ፤ ከሌላ ሰው አፍ አልቀበልም።

ናፋቂህ፣ ታናሽ እህትህ